ከወጨጫ የተጫነው ድንጋይ

የጉብኝቱን ስም ያወጣው ሥራ አስኪያጃችን ነው። «ድንጋይ፣ እሳትና ወይን» አለው። ጠዋት ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ እኩለ ቀን ላይ የሞተ እሳተ ገሞራ፣ ከሰዓት በኋላ የወይን ቅምሻ፣ ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዲስ አበባ መመለስ። አስጎብኚዋ እኔ ነበርኩ። ሰበታ ተወልጄ ያደግኩ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም አፌን የፈታሁ፣ ታሪክ አጥንቼ ሁለት ዓመት ሥራ ፍለጋ የተንከራተትኩ ልጅ ስለነበርኩ ቅጥሩን ሳገኝ ስለት የደረሰልኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ልትጠቀልል ነው ተብሎ ተማሪው ይሰለፋል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ይተኮሳል፣ ሰው ይታፈሳል። እቅዱ ተሰርዟል ከተባለ በኋላም ነገሩ አልበረደም። ከቡራዩ የሚመጣው ሹፌራችን መንገዱ ክፍት መሆኑን ደውሎ ሳያጣራ ሞተር አያስነሳም። ሥራ አስኪያጁ ግን ስለዚህ ጉዳይ በጎብኚ ፊት ትንፍሽ እንዳንል አስጠንቅቆናል። በየምንቆምበት ቦታ የምናገረውን ቃል በቃል የጻፈበት ሁለት ገጽ ወረቀትም ሰጥቶኛል። ስለ ወይኑ ቤት የሚያወራው አንቀጽ «ቀድሞ ማንም ያልሰፈረበት ጠፍ መሬት ላይ የተቋቋመ» ይላል። ጠፍ እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሁለት የክፍል ጓደኞቼ ቤታቸው እዚያ ነበር። ልጅ ሆኜ አጨዳ ሲደርስ አብሬያቸው እየሄድኩ ጤፉ መሀል ተደብቀን እንጫወት ነበር። ያም ሆኖ ያንን አንቀጽ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ቡድን ፊት፣ ፈገግ ብዬ አንብቤዋለሁ። የሌላውን ሰው ጥፋት ከመዘርዘሬ በፊት ይህን የራሴን ልጻፍ።

በአራተኛው ጉዞ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ይዣቸው የወጣሁት ዘጠኝ ሰዎች የአንድ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነበሩ። ከሰበታ ከተማ ወጥተን ወደ ወጨጫ ተራራ ግርጌ የሚወስደውን ጥርጊያ መንገድ ያዝን። ፍርስራሹ ያለው እዚያ፣ አንድ ጉብታ ላይ ነው። ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ፣ ደረት የሚደርስ የግንብ ቅሪት ነበር። ማን እንደሠራው በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ነበር ይላል፣ ሌላው የድሮ ንጉሥ ሰፈር። ከብት እንዳይገባበት ዙሪያውን በእሾህ አጥሮ የሚጠብቀው ከጎኑ የሚያርስ አንድ ሽማግሌ ነው። ማንም አልቀጠረውም። አባቱም እንዲሁ ሲያደርግ አይቶ ነው። እኔ በኦሮምኛው የአክብሮት መጠሪያ «ኦቦ» እለዋለሁ፣ በደረስኩ ቁጥር መጀመሪያ የምሄደው ወደ እሱ ነው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» አልኩት፣ እንዴት አደሩ ለማለት።

«ነጋ»፣ በሰላም፣ አለኝ፤ ፊቱ ግን ደህና አልነበረም። ከዚያ ጎብኚዎቹ እንዳይሰሙት በኦሮምኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ምን ልታሳዪያቸው ነው ያመጣሻቸው?» ሲል ጠየቀኝ።

ዞር ብዬ አየሁ። ግንቡ የለም። የእሾሁ አጥር ተጠራርጎ ወደ ጎን ተጥሏል፤ ግንቡ ቆሞበት የነበረው ቦታ አፈሩ የተገለበጠ ረጅም ቦይ ሆኗል። የከባድ መኪና ጎማ እርሻውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆት አልፏል።

«ሐሙስ መጡ» አለኝ። «ሁለት ገልባጭ መኪና። ወረቀት አሳዩኝ። ማንበብ እንደማልችል እያወቁ ማኅተሙን እይ አሉኝ። ሐሙስና ዓርብ ሲጭኑ ዋሉ።»

«ወዴት ወሰዱት?»

በዱላው ቁልቁል አሳየኝ። «ወደ ወይኑ ቤት።»

ይህን ስንነጋገር ጎብኚዎቹ ደረሱ። ካሜራ ያንጠለጠለ አንድ ወጣት ቦዩን አየና «ፍርስራሽ ነው ያላችሁን፤ ይኸው በደንብ ፈርሷል» አለ። ሳቁ። ሽማግሌው ሳቃቸውን እየሰማ ዱላው ላይ ተደግፎ ቆመ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ክፋት አልነበረበትም፣ አውቃለሁ። ክፋት ስላልነበረበት ይመስለኛል ይበልጥ የሚያናድደኝ።

ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። ነገሩን ነገርኩት።

«መሠረቱ አለ አይደል?» አለኝ።

«ጉድጓድ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ጉድጓዱን አሳዪያቸውና ቶሎ ወደ ተራራው ውሰጃቸው። ሰዓት አትግደዪ። ምንም ነገር እንዳትቀባጥሪ።»

ወሰድኳቸው። በጥዱ ደን መሀል ሽቅብ ወጣን። ወጨጫ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ነው፤ ስለ ቀለጠው ዐለት፣ ስለ አመዱ፣ አፈሩ ለምን እንዲህ ለም እንደሆነ የምናገረው ነገር ነበረኝ፤ ያንን ክፍል እወደው ነበር። የዚያን ቀን አፌ ብቻ ነበር የሚናገረው። ከፍታው ላይ ስንደርስ በአንድ በኩል የገፈርሳ ውሃ ሲያብረቀርቅ፣ በስተታች የሰበታ ፋብሪካዎች ጣሪያ፣ ራቅ ብሎ ጭስ የለበሰችው አዲስ አበባ ይታያሉ። ጎብኚዎቹ ፎቶ ተነሡ። ከመካከላቸው በዕድሜ እናቴን የምታክል፣ ዝምተኛ ሴት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ሽማግሌው ምን አለሽ?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«ታዲያ ለምን ዝም ትያለሽ?»

«እንጀራዬ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ተነሥታ ወደ ባልደረቦቿ ሄደች።

ወደ ወይኑ ቤት የደረስነው ስምንት ሰዓት ግድም ነው። ባለቤቱ ሰፊ ባርኔጣ አድርጎ በር ላይ ተቀበለን። እንግዳ አቀባበል ይችልበታል። ያላስተዋለ ሰው ወይኑ ሁሉ እዚያ የሚበቅል ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ከበሩ ፊት ለፊት ለፎቶ የተተከሉ ጥቂት ረድፎች ብቻ ነበሩ፣ ሰበታ ብርድ ላይ አንድም ቀን በወጉ ያላፈሩ። የሚጠጣው ወይን በቦቴ ከቆላ ይመጣል። ያን ሁሉ መሬት፣ ያን ሁሉ ሰው ያስነሣው ለዚህ ነው። የቀረው መሬት ታጥሮ ሣር በቅሎበታል።

ቀዩንም ነጩንም አስቀመሳቸው። ሞቅ ሲላቸው «አሁን ደግሞ ለማንም ያላሳየሁትን ላሳያችሁ» ብሎ በስተጀርባ ወዳለው ግንባታ ወሰደን። ለወይን ማቆያ የሚሆን ምድር ቤት እያሠራ ነው። ከደቡብ የመጡ ግንበኞች ድንጋይ እየጠረቡ ይገነባሉ። አንዱ ወጣት ግንበኛ መዝሙር እያንጎራጎረ የድንጋዩን ጠርዝ በመሮ ይፈልጣል።

«ይህ ድንጋይ» አለ ባለቤቱ ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ፣ «ስንት መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው። ወይን እንዲህ ያለ ግድግዳ ውስጥ ሲቀመጥ ክብር ያገኛል።»

ጎብኚዎቹ እየተጠጉ ዳሰሱት። እኔም ተጠጋሁ። የጉብታው ግንብ ጥግ ላይ የነበረ፣ ሦስት ክብ የተቀረጸበት ድንጋይ ነበር፤ ላለፉት ሦስት ቡድኖች ጎንበስ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ያሳየሁት። ግድግዳው መሀል ገብቶ አየሁት። እንዲገጥም ሲባል አንደኛው ክብ ግማሹ ተፈልጦ ወድቋል።

«ከየት አመጣችሁት?» አልኩ።

«ገዝተን ነዋ።»

«ከማን?»

ወደ ጎብኚዎቹ ዞሮ ፈገግ አለ። «አስጎብኚ ናት ያላችሁኝ ወይስ መርማሪ?»

ሳቁ። ለሁለተኛ ጊዜ። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አወጣሁና «ማንም ያልሰፈረበት ጠፍ መሬት» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ከዚያ እዚህ እነማን ይኖሩ እንደነበር፣ የማን ቤት የቱ ጋ እንደነበር፣ የአንደኛው ጓደኛዬ አባት ከመሬቱ ከተነሣ በኋላ ሰበታ ውስጥ ሸክም እየተሸከመ እንደሚኖር ተናገርኩ። «ጠዋት የሳቃችሁበት ጉድጓድ የዚህ ግድግዳ ድንጋይ የወጣበት ነው» አልኳቸው። ግንበኛው መዝሙሩን አቆመ።

ባለቤቱ አሁን አይስቅም። «ይህን ማን ነገረሽ?» አለኝ፣ በጣም ረጋ ብሎ።

«እዚያ የሚያርሱት ሽማግሌ ናቸው። ሲጭኑ በዓይናቸው አይተዋል።»

ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነበር። ምስክር ያቀረብኩ መስሎኝ። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ወደ ጥግ ሄደ፤ እኔ አፉን ያስዘጋሁት መሰለኝ።

ስንመለስ ሰበታ መግቢያ ላይ ወጣቶች መንገዱን በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ዘግተው አገኘን። ሹፌሩና እኔ ወርደን ለመንናቸው። ሁለት ሰዓት ያህል አቆይተው አሳለፉን። መኪና ውስጥ ካሜራ የያዘው ልጅ «አውቀሽ ነው ያመጣሽን፤ ከነሱ ጋር ነሽ» አለኝ። ያቺ ዝምተኛ ሴት በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች። አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠበቅኳት። አልተናገረችም። ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ከእንግዲህ ሥራ እንዳልገባ በስልክ ነገረኝ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ለሰው ሳወራ ሁሉም ጀግና ያደርገኛል። ቀሪውን ግን ብዙ ጊዜ አላወራም።

በመስከረም መጨረሻ አገሩ ሁሉ ሲነድ ሕዝብ ወደ ወይኑ ቤት ገባ። በርሜሉን ሰበሩ፣ ቤቱን አቃጠሉ። ማን እንዳቃጠለ እኔ አላውቅም፤ ሽማግሌው ግን የዚያን ቀን ከቤቱ እንዳልወጣ ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል። ባለቤቱ «ቂም አለው» ብሎ መጀመሪያ ያስመዘገበው ሽማግሌውን ነው። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን መጥተው ከማሳው ወሰዱት። የነገረኝ ሹፌሩ ነው።

ምግብ ይዤ ወደታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ሁለት ቀን መለሱኝ፤ በሦስተኛው አስገቡኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ እግሩ አብጧል።

«ኦቦ፣ እርስዎን የጠቆምኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። መርማሪው ነግሮኛል።» ቀና ብሎ ተቀመጠ። «እኔ በኦሮምኛ የነገርኩሽ ለምን ይመስልሻል?»

የያዝኩትን ሳህን ዘረጋሁለት።

«ከመናገርሽ በፊት ብትጠይቂኝ ምናልባት ተናገሪ እልሽ ነበር» አለ። «አልጠየቅሽኝም።» ከዚያ ያመጣሁለትን ሳህን ተቀብሎ፣ አብረውት ከታሰሩት ልጆች ጋር ሊበላው ወደ ውስጥ ገባ።

ክስ ሳይመሠረትበት ከሁለት ወር በኋላ ፈቱት። ጤፉን ጎረቤቶቹ አጭደው ጠበቁት። እኔ በበኩሌ ድንጋዩን ላስመልስ ብዬ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደተባለ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሰው መዝገብ አገላብጦ «እንዲህ የሚባል ቅርስ አልተመዘገበም» አለኝ።

«ስላልተመዘገበ አልነበረም ማለት ነው?»

«ያልተመዘገበ ነገር ጠፋ አይባልም፣ እህቴ።»

ሌላ ጊዜ የተቃጠለውን ምድር ቤት ሄጄ ሳየው ግድግዳው የለም። ሰዉ እየናደ ወስዶታል፤ ግማሹ ለቤት መሠረት፣ ግማሹ ለመንገድ መዝጊያ። ሦስቱ ክብ የተቀረጸበት የማን ቤት ሥር እንዳለ እንጃ። ባለቤቱ ላይ የተናደድኩትን ያህል በእነሱም ተናደድኩ፤ ለመሬታችን ነው የምንጮኸው እያሉ የመሬታቸውን የድሮ ግንብ ለኩሽና መሠረት አደረጉት። ይህን ስል የሰፈሬ ልጆች ደስ አይላቸውም። ደስ አይበላቸው።

በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ ቡራዩ አንድ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀምሬ ነበር። ቅዳሜ ቀን ተነሥቼ ሽማግሌውን ልጠይቅ ሄድኩ። ያባርረኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላባረረኝም። ሰላም ተባባልን። እኔ ስለ ከብቶቹና ስለ ዝናቡ ጠየቅኩት፣ እሱ ስለ እናቴ ጠየቀኝ። ወደ ጉብታው ይዞኝ ሄደ። ቦዩ ተሞልቶ፣ ቦታው ታርሶ፣ ዳር እስከ ዳር ባቄላ በቅሎበታል።

«አረሱት?» አልኩ። መቆጣቴን ልደብቅ አልቻልኩም። የቀረውን መሠረት፣ ምናልባት አንድ ቀን አንድ አጥኚ ቆፍሮ የሚያገኘውን ነገር፣ በማረሻ ገልብጦታል።

«ድንጋይ የለውም አሁን» አለ። «ደግሞስ ባዶ ብተወው ጠፍ ነው ብለው ይወስዱታል።»

ልከራከረው አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጎንበስ ብሎ እሸት ቀጥፎ ሰጠኝ። ማሳው ዳር ተቀምጠን እየፈለፈልን በላን፤ እሱ ስለ በሬው ያወራኛል፣ እኔ እሰማለሁ፤ ንዴቴ ግን እንዳለ ነው።