አያቴና አሥሩ መራሕያን

ልጅ ሳለሁ፣ ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቀው የፋሲሎ ሰፈር ቤታችን፣ አያቴ ተረት የሚያወሩልን ምሽት ላይ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። ትንኝ እንዲሸሽ ኩበት ያጨሳሉ። ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ ፋኖሱ ከደጃፉ ተሰቅሎ፣ ጉማሬው ጦጢትን በጀርባው አድርጎ ወደ ደሴቱ ሲያሻግራት እንሰማለን። አያቴ መሪጌታ ነበሩ። በየደብሩ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አቅማቸው ሲደክም አባቴ እኛ ዘንድ አመጣቸው።

ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እንግሊዝኛ እንደ ጉድ ያስጠላኛል። ሰባተኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ፈተናውን ከወደቅኩ ሐሙሲት ከተማ አክስቴ ሻይ ቤት ገብቼ ብርጭቆ እንደማጥብ አባቴ ቁርጡን ነግሮኛል። የባሰብኝ ተውላጠ ስም ነበር። ወንዱንም ሴቷንም ዕቃውንም «ሂ» እላለሁ፤ አንዳንዴም ጭራሽ እረሳዋለሁ። አንድ ምሽት ደብተሬን ይዤ ስነፋረቅ አያቴ ጠሩኝ።

«ይኸ ነው ያስለቀሰሽ? እኛ በግእዝ መራሕያን እንላቸዋለን፤ አሥር ናቸው» ብለው ከ«ውእቱ» እስከ «ንሕነ» ባንድ ትንፋሽ ወረዱት። «ባማርኛ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ተሸሽጎ ይሄዳል። እነዚያ እንግሊዞች ፊት ፊት ያስቀድሙታል ማለት ነው። በይ የነሱን ንገሪኝ፣ እኔም ልማር።»

እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አያውቁም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ተረቱን ጀምረው «ጉማሬው ውኃ ገባ» ይሉና ያቆማሉ። «ማን ገባ?» «ሂ!» «ጦጢት ፈራች። ማን ፈራች?» «ሺ!» «ሁለቱም ተሻገሩ። እነማን ተሻገሩ?» «ዜይ!» ከደብተሬ ያነበብኩላቸውን በቃላቸው ይዘዋልና፣ ከተሳሳትኩ ተረቱ እዚያው ይቆማል። መጨረሻውን ለመስማት ስል ተማርኩ።

አባቴ ይህን አልወደደውም። ዘመኑ የአብዮቱ ነው፤ በሚሠራበት ፋብሪካ የውይይት ክበብ ኃላፊ ነበርና ወሬ ይፈራል። «አባባ፣ ይተዋት እባክዎ። ቤቱን የቄስ ትምህርት ቤት አደረገው ይሉኛል» ይላቸዋል ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አያቴ «እሽ ልጄ» ይሉና፣ እሱ ለስብሰባ ሲወጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ፈተናውን አለፍኩ። እንግሊዝኛ አስተማሪያችን ደስ ብሎት ቤታችን ድረስ መጣ። የአባቴ የክበብ ጓዶችም ያን ቀን እኛ ቤት ነበሩ። አስተማሪው በሰው ሁሉ ፊት፣ «ለመሆኑ ማን አስጠናሽ?» አለኝ። አባቴን አየሁት፤ ፊቱ ተለዋውጧል። ከጥጉ የተቀመጡት አያቴ ደግሞ ስማቸው ሲጠራ ሊሰሙ ፈገግ ብለው ቀና አሉ።

«ማንም። ለብቻዬ ነው» አልኩ።

«እውነቷን ነው» አሉ አያቴ ወዲያው። «ለብቻዋ ነው።»

ያን ምሽት እንደወትሮው ተረት አወሩልን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዴም አላቆሙም፤ «ማን?» ብለውም አልጠየቁኝም። ጉልበታቸውን ስሜ ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፣ ግን አፈርኩ። ነገ እላቸዋለሁ እያልኩ ቀኑ አለፈ።

መስከረም ሲጠባ «መንኩሼ ልሙት» ብለው ወደ አንዱ ደሴት ገዳም ለመሄድ ተነሡ። እስከ ወደቡ ሸኘናቸው። አባቴ ከጎኔ ቆሞ ነበርና እዚያም ዝም አልኩ። ጉንጬን ሳሙኝና ጀልባው ላይ ወጡ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ማረፋቸውን ሰማን።

ገዳሙ ሴት አይገባበትም። አባቴና ወንድሞቼ መቃብራቸውን ተሳልመዋል፤ እኔ እስካሁን አላየሁትም። ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር ውኃው ዳር ወርጄ፣ ሰው ኖረም አልኖረም፣ ጮክ ብዬ «እርስዎ ነዎት ያስጠኑኝ» እላለሁ።