ሦስት ቀበሌ ከወንዝ ማዶ

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ስናዘዝ ዘልዬዋለሁ። ላንተ የምነግርህ ፊትህን ስለማላይ ነው።

በደርግ ጊዜ ለሸንጎ የምርጫ ክልል ሲከለል፣ የእኛን ክልል ወሰን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ካድሬ አልነበርኩም፤ በሚዛንና በሸኮ መካከል በቅሎ የምነዳ ቡና ነጋዴ ነበርኩ። ከአውራጃ የመጣው ሹም ካርታ ዘረጋ፤ ካርታው ላይ ጫካ እንጂ ሰው የለም።

«አንተ መንገዱን ታውቃለህ» አለኝ። «ከወንዙ ማዶ ያሉት ሦስት ቀበሌዎች ወዴት ይግቡ?»

ከእኛ የግማሽ ቀን መንገድ ናቸው። እኔ ግን «ማጂ ይቀርባቸዋል» አልኩ። ማጂ! በእግር የስንት ቀን መንገድ! እርሳሱ ወንዙን ተከትሎ ሄደ።

ለምን ዋሸሁ? ከማዶ ጴጥሮስ የሚባል ገበሬ ነበር። አንድ ቀን ገበያ መሃል «የዚህ ሰውዬ ሚዛን ጾም አያውቅም፤ ዓመቱን ሙሉ ይበላል!» ብሎ አስቆብኛል። ውሸቱን አልነበረም። አገሩ ሁሉ ለሸንጎ እሱን ሊያጭ ተስማምቶ ነበር። ሸንጎ ከገባ አዲስ አበባ ድረስ ያዋርደኛል ብዬ ፈራሁ። በቃ፣ ይኸው ነው ምክንያቴ።

ማጂ ላይ ማን ያውቀዋል? ሳይታጭ ቀረ። በምርጫው ቀን፣ በሰኔ ዝናብ፣ ሰዎቹን አስከትሎ እስከ ወገቡ ርሶ እኛ ጣቢያ መጣ። መዝጋቢው «ስማችሁ እዚህ የለም፤ ማጂ ሂዱ» አለው። ጴጥሮስ ዞሮ ሲያይ እኔን አየ።

«ወንድሜ፣ አንተ መንገዱን ታውቃለህ፤ እስቲ መስክርልን። ጠዋት ተነስተን ነው የደረስነው።»

«እኔ ነጋዴ ነኝ፤ በመንግሥት ሥራ አልገባም» አልኩ።

«እሱስ እውነትህን ነው» ብሎ ሰዎቹን ይዞ ተመለሰ። ምነው በሰደበኝ!

ያ ክልል አንዴ መርጦ ከመንግሥቱ ጋር ፈረሰ። ጴጥሮስም ሞተ። «ሸንጎው እንደሆነ ጭብጨባ ነበር፤ ቢገባስ ምን ሊፈይድ?» እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። ያኔ ግን ይህን መች አወቅሁ? ዋጋ አለው ብዬ ነው የቀማሁት። የሰረቁት ወርቅ መዳብ ሆኖ ቢገኝ ሌብነቱ ይቀላል?

ልጆቹ ዛሬም ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ሰላም ይሉኛል። ትልቁ ባለፈው «ጋሼ፣ አባታችን ሳይታጭ የቀረው የገዛ ሰዎቹ ከድተውት ነው አይደል?» አለኝ።

«ዘመኑ ነው ልጄ» አልኩት።

ዘመኑ አይደለም። እኔ ነኝ።