አባቴና የእሁድ ጠዋቱ ፍልሚያ

አባቴ ቀን ቀን የመሥሪያ ቤት መኪና ይነዳ ነበር፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ ኮልፌ ውስጥ፣ ከብረት ብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ አዳራሽ የሠፈሩን ልጆች ቦክስ ያሰለጥን ነበር። ለአዲስ ተማሪ መጀመሪያ የሚያስተምረው የቡጢ አመታት አልነበረም። «የወደቀ አይመታም» ይል ነበር። «ሰውየው ጉልበቱ መሬት ከነካ እጅህን ሰብስበህ ወደ ጥግህ ሂድ። ከዚያ ወዲያ ያለው ስፖርት አይደለም።»

እኔንም አሰልጥኖኛል። በሰው ፊት የተጋጠምኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ገና ጎረምሳ ሳለሁ። ወደቅሁ፣ ተነሳሁ፣ ደግሜ ስንገዳገድ አባቴ ይብቃው ብሎ ፎጣውን ወረወረ። ዳኛው እጁን ሳያነሳ ገመዱን አልፎ ገባና እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣኝ። አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጓንት አላጠለቅኩም፤ እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ የወደድኩት ሌላ ውድድር ነው፤ ቡጢውም፣ እርግጫውም፣ ትግሉም አንድ ላይ የተፈቀደበት ቅይጥ ፍልሚያ። ከጓደኞቼ ጋር እሁድ ጠዋት ኳስ ማሳያ ቤት እንሰበሰባለን። ትልልቆቹ ግጥሚያዎች ለብቻቸው ካልተከፈለባቸው አይታዩም፤ ባለቤቱ ግን የሚያሳየን ከየትም በሌብነት የተገኘውን ነው። ቡጢው ሲሰነዘር ምስሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲመለስ ሰውየው ተዘርሮ እናገኘዋለን። ማን እንደመታው፣ በምን እንደመታው እየተከራከርን እንበተናለን።

አባቴን መርሳት የያዘው ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ መንገድ ጠፋበት። ዕድሜ ልኩን የወረደበትን ፌርማታ አልፎ ቤቴል ድረስ ሄዶ አንድ ደግ ሰው በታክሲ መለሰልን። ቀጥሎ ስም ጠፋበት። በመጨረሻ እኔ ጠፋሁበት። አንድ ጠዋት ሻይ ሳቀርብለት ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ምነው ተቸገሩ?» አለኝ።

አባቴ አንቱ አለኝ። አባት ልጁን አንቱ ሲል መስማት ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አልችልም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እህቴን የሟች እናታችን ታናሽ ትመስለውና አንቺ ይላታል። በዚህ ቀናሁባት።

አንድ ነገር ግን አልጠፋበትም። ቴሌቪዥን ላይ ቦክስ ሲመጣ ትከሻው ይንቀሳቀሳል፣ አገጩ ወደ ደረቱ ይወርዳል። «ግራህን አንሳ» ይላል ለማያውቀው ሰው። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የድሮው አባቴ ይመጣል። እኔም እንዲቆይልኝ ድምፄን አጥፍቼ እቀመጣለሁ።

በዚያ ሰሞን ነበር የአንድ ትልቅ ፍልሚያ ወሬ ዓለሙን የሞላው። ሁለቱ ተፋላሚዎች በየመግለጫው ይሰዳደባሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ጠባቂዎች ይገላግሏቸዋል። «እንዲህ ያለ ከዚህ በኋላ አይታይም» ይላል ማስታወቂያው። ለባለፈውም ይኸንኑ ብሎ እንደነበር አውቃለሁ። ግን በየጠዋቱ ስልኬን ከፍቼ ለአባቴ አሳየው ጀመር። ለኔ ያረጀው ወሬ ለሱ በየቀኑ አዲስ ነው። በየቀኑ ዐይኑ ያበራል።

«መቼ ነው?» ይላል።

«በቅርብ ነው አባዬ።»

«እንሄዳለና?»

«አብረን ነው የምናየው።»

እነዚያ ወራት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከታመመ ወዲህ ያሳለፍናቸው ምርጥ ጊዜያት ነበሩ። ስለዚህ የሚቆራረጥ ምስል አላሳየውም ብዬ ወሰንኩ። የኛ አገር ካርድ ስለማይሠራ ዱባይ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ ከፈለልኝ፤ እኔም በብር ላክሁለት። ዋጋውን ለእህቴ ነገርኳት።

«ሰው ሲደባደብ ለማየት ነው? ታክሲ ተራው ጋ በነፃ አለልህ እኮ።»

«ለአባዬ ነው» አልኳት። ግማሹ እውነት ነበር።

እሁድ ጠዋት እህቴ ቅዳሴ ሄዳ እኔና አባቴ ብቻችንን ቀረን። የአሰልጣኝነት ጊዜውን ሰማያዊ ቱታ አልብሼው ሶፋው ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያዎቹ ግጥሚያዎች ትዕግስት ይጨርሳሉ። ሁለት ግዙፍ ሰዎች መድረኩን የከበበውን ሽቦ ተደግፈው እንደደከመው ሰው ይተቃቀፋሉ፤ ከዚያ ማስታወቂያ፣ ከዚያ ወሬ፣ ደግሞ ማስታወቂያ። አባቴ የሽቦ አጥሩን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና፣

«እነዚህ ሰዎች ምን አድርገው ነው የታሰሩት?» አለኝ።

«አልታሰሩም። ውድድር ነው።»

«ታዲያ በሩን ለምን ዘጉባቸው?»

በመጨረሻ ዋናዎቹ መጡ። መብራት ጠፋ፣ ሙዚቃው ደለቀ፤ አገባባቸው ከፍልሚያው ይረዝማል። ሲጀመር የአባቴ ትከሻ ተንቀሳቀሰ። ወደፊት ጎንበስ አለ።

«ያኛው ግራውን አወረደ» አለ ቀስ ብሎ።

አፉን ሳይዘጋ ያኛው በቀኝ ቡጢ ተመታ። ዐይኔን እንባ ሞላው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚተነትኑት ሊቆች ያላዩትን አባቴ አየ፤ ተመለሰልኝ አልኩ በልቤ። ግን የተመታው ሰው ወደቀ፤ ሌላኛው ላዩ ላይ ወጥቶ ፊቱን ይቀጠቅጠው ጀመር። ሕጉ ይፈቅዳል። እኔ ስንት ጊዜ አይቼ ያጨበጨብኩለት ነገር ነው።

አባቴ ተነሳ። «ወድቋል» አለ። «ወድቋል እኮ። ዳኛው የት አለ?»

«አባዬ፣ ይቻላል፤ እዚህ ይቻላል።»

አልሰማኝም። ወደ ቴሌቪዥኑ ሄዶ መዳፉን በደም በተነከረው ፊት ላይ አሳረፈ። «ልጄ ነው» አለ። «ልጄን ሊገድሉብኝ ነው።»

ከኋላው ያዝኩት። «ልጅህ እኔ ነኝ አባዬ። ይኸው፣ እዚህ ነኝ። ምንም አልሆንኩም።»

ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ያለ ልመና በሰው ዐይን አይቼ አላውቅም። «እባክዎን» አለኝ። «ልጅ የለዎትም እንዴ? ይግቡና ይገላግሉልኝ።»

ከዚያ ዙሪያውን በእጁ ዳበሰ፤ ፎጣ ነው የሚፈልገው። ያገኘው የሶፋውን ዳንቴል ነው። መዝዞ ወረወረው። ዳንቴሉ መስታወቱን ነክቶ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ዱላው ግን አልቆመም። ዳኛው ያስቆመው ቆይቶ ነው፤ ለአባቴ በጣም ዘግይቶ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ ያለ ድምፅ አለቀሰ። አሸናፊው እጁን ሲያነሳ ሳላይ አጠፋሁት።

እህቴ ስትመለስ ሁለታችንንም ወለሉ ላይ አገኘችን። የሆነውን ነገርኳት። ነጠላዋን ሳታወልቅ ከጎናችን ተቀመጠች።

በማግስቱ ጓደኞቼ በስልክ «ዋጋው ይገባዋል?» ብለው ጠየቁኝ። አይገባውም አልኳቸው። የወራት ወሬ፣ ከዚያ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ የማይቆይ ድብደባ። ሁላችንም ይህን እናውቃለን፤ ሲመጣ ደግሞ እንከፍላለን። እነዚያን «መቼ ነው?» እያለ የጠየቀኝን ጠዋቶች ግን በምን ዋጋ እንደማስባቸው አላውቅም። ያስደሰተውም ያሳመመውም ያው አንድ ነገር ነው።

ብዙ ነገር የሚረሳው አባቴ ያንን አልረሳም። «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» ይላል ምሳ ላይ። «ተሽሎታል» እንለዋለን። አንድ ከሰዓት ጫማውን አድርጎ፣ ኮቱን ደርቦ፣ ካልጠየቅሁት ብሎ ተነሳ። በአሰልጣኝነት ዘመኑ የተሸነፈ ልጅ ቤት በማግስቱ ብርቱካን ይዞ መሄድ ልማዱ ነበር። እህቴ ብርቱካን ገዛችለትና አስፋልቱ ድረስ አብረው ወረዱ። እኔ እስኪመለሱ ክፍሌ ገብቼ አልጋዬ ላይ ተኛሁ፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩ። ምናልባት ተኝቼ ቢያየኝ ያውቀኝ ይሆናል ብዬ ነው።

እህቴ «የልጁ ቤት ይኸው» ብላ ክንዱን ይዛ አስገባችው። አልጋው ጫፍ ቆሞ ረጅም ጊዜ ፊቴን አየ።

«እዚህ የለም» አላት። «የኔ ገና ልጅ ነው። እኚህ ትልቅ ሰው ናቸው።»

ከዚያ እንዳላፍር ብሎ ወደኔ ጎንበስ አለ። «እርስዎም አሞዎታል? እግዚአብሔር ይማርዎ።» ብርቱካኑን አጠገቤ አስቀመጠ። «ልጄ ሲመጣ ይስጡልኝ። አባትህ መጥቶ ነበር ይበሉልኝ።»

«እሺ፤ እነግረዋለሁ» አልኩት።

አባቴ በዚያው ክረምት አረፈ። ለቅሶው ላይ የድሮ ተማሪዎቹ በዝናብ መጡ፤ አፍንጫቸው የተጣመመ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ትልልቅ ሰዎች። አንዱ ከድንኳኑ ወጥተን ቆመን ሳለ፣ «ጋሼ በመጨረሻ ጊዜያቸው እንዴት ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስለ ልጃቸው ያስቡ ነበር» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና ወደ ውስጥ ገባን።