ቆዳው ኩርሽም እስኪል

ስሙኝማ! እጄን የዶሮ ቅባት እንደነካው፣ ሳልታጠብ ነው የምነግራችሁ። ነገሩ የተጀመረው ግን ከስምንት ወር በፊት ስለሆነ ቀስ ብዬ ከሥሩ ልነሳ። እኔ ደስ ሲለኝ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው፤ ሰው ግራ ይጋባል።

ባሌ ምግብ አብሳይ ነው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ምግብ ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሦስት መቶ ሠራተኛ ምሳ አብስሏል። ቁመቱ መለሎ፣ ራሱ ክብ ስለሆነ ሠራተኞቹ «ጭልፋው» ነው የሚሉት። እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል፤ ደስ ይለዋል መሰለኝ። እኔ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት መኪናዬ ሳሎናችን ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው፤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ቀሚስ እሰፋለሁ። ምግብ ላይ እንዳትጠሩኝ። በትዳር ሠላሳ ዓመት ስንኖር እኔ ያበሰልኩባቸው ቀኖች በጣት ይቆጠራሉ። አንዴ ሩዝ ቀቅዬለት ሰውዬው በማንኪያ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «ለወረቀት ማጣበቂያ ጥሩ ነው፣ አትጣይው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ «ዞር በይልኝ» እያለ ኩሽናውን ጠቀለለው፤ እኔም እሰየው ብዬ ተውኩለት።

ከስምንት ወር በፊት ክፉ ጉንፋን ያዘው። ትኩሳቱ ወረደ፣ ሳሉም ተወው፤ ማሽተትና መቅመሱን ግን ጉንፋኑ ይዞበት ሄደ። ይኼ ግትር ለሁለት ወር ለማንም አልተነፈሰም፣ ለእኔም ጭምር! በልማድ ሲያበስል ሲያበስል አንድ ቀን ትልቁ ድስት ከሥሩ አረረ። ግቢው በሙሉ ሸቶታል፤ እሱ ብቻ ቆሞ ያማስላል። በሳምንቱ ደግሞ የተበላሸ ወተት ሾርባ ውስጥ ጨመረ። ሰሃኖቹ እንደሄዱ ተመለሱ። የዚያን ዕለት ሽርጡን አጣጥፎ በጠራራ ፀሐይ ቤት መጣና «ምንም አይሸተኝም፣ ምንም አይጣፍጠኝም» አለኝ። እኔ ጠብ ያለበት መስሎኝ መቀሴን ይዤ ተነስቼ ነበር፤ መቀሱን አስቀምጬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ኩሽና መግባት ተወ። ቀጥሎ መብላት ተወ። «እርጥብ ካርቶን የማላምጥ ነው የሚመስለኝ» ይላል። ሁለት ጉርሻ ወስዶ ሰሃኑን ይገፋል። ልጃችን ነርስ ናት፤ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት፤ ወይ ፍንክች! የሰው ሚስት የባሏን መክሳት በዓይኗ ታያለች፣ እኔ በሜትሬ ነው የለካሁት፦ ሱሪውን ሦስት ጊዜ አጠበብኩ። ባለፈው ማክሰኞ ሐኪሙ ሚዛን ላይ አወጣውና ሃምሳ ሰባት ኪሎ ሆነ። ያ መለሎ ሰውዬ! ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ረጋ ብሎ «ሰኞ ስትመጣ አንድ ኪሎ እንኳ ከቀነስክ አልጋ ትይዛለህ፣ በአፍንጫህ በቱቦ ነው የምንመግብህ» አለው። ባሌ አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ስድስት ቀን ብቻ እንደቀረኝ እየቆጠርኩ ከክፍሉ ወጣሁ።

ረቡዕ ጠዋት ታዲያ ዳቦ አቃጠልኩ። አዲስ ነገር አይደለም፣ የእኔ ዳቦ ሁሌም ያርራል። ጠርዙን ቆርጬ ሰሃኔ ዳር ጣል አድርጌ ስፌቴ ላይ ሳጎነብስ ከጀርባዬ «ኩርሽም!» የሚል ሰማሁ። ዞር ስል ባሌ የጣልኩትን ያረረ ጠርዝ እየቆረጠመ ነው።

«ምን ሆነሃል አንተ ሰውዬ? ከሰል እኮ ነው የምትበላው!»

«ይሰማኛል» አለ።

«ጣዕሙ?!» ብዬ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ፤ ክሩ ጣቴ ላይ ተጠምጥሞ መኪናውን ልጥለው ነበር።

«ጣዕሙ አይደለም፣ ድምፁ። ጥርሴ ላይ ይሰማኛል። አፌ ውስጥ አንድ ነገር እንዳለ አወቅኩ» አለና ሁለተኛውን ጠርዝ አነሳ።

እኔ ሞቼ እገኛለሁ ይህቺን ነገር ባሳልፋት! ስልኬን አንስቼ ልጄን ጠራሁ። «እማ፣ ያረረ ዳቦ ሰው አያቆምም» አለችኝ፤ ግን ስልኩን አልዘጋችውም። «ሥጋ ነው የሚያስፈልገው። የዶሮ ታፋ፣ ከነቆዳው። ቆዳው በደንብ ከደረቀ እንደዚያው ይቆረጠማል፤ ስብም አለው። መጣሁ!» በምሳ ሰዓት ትልቅ ካርቶን ታቅፋ ከተፍ አለች። ውስጡ ኤር ፍራየር የሚሉት ነው፤ ጥቁር፣ ሆዱ እንደ መሳቢያ የሚከፈት። እኔ ሳየው «በአየር ሊጠብስ? ኧረ ጉድ!» አልኩ። እሷም «የፀጉር ቤት ካስክ ታውቂ የለ? ዶሮዋን እዚያ ሥር እንደማስቀመጥ ነው በቃ» ብላኝ ስምንት ታፋ ፍሪጅ ውስጥ ከታ ወደ ሥራዋ ሮጠች።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት የሠራሁትን ስሙና ሳቁብኝ። ባሌ ወንበሩ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጋደም ብሏል። እኔ አራት ታፋ አውጥቼ አየኋቸው። ቆዳው ልል ነው፣ የተጨማደደ። ይህንንማ አውቃለሁ አልኩ በልቤ። የተጨማደደ ሱሪ መስመሩ ቢላ እንዲሆን ምን ይደረጋል? ውሃ ይረጫል፣ ከዚያ ካውያ ይጫንበታል። ሠላሳ ዓመት የበላሁበት ሙያ ነው! የካውያዬን ውሃ መርጫ አመጣሁና እያንዳንዱን ታፋ ጥሩ አድርጌ አራስኩ። መሳቢያው ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ ደራረብኩ፣ እንደ ተጣጠፈ ልብስ። ቁልፉን ተጫንኩና እጄን አጣምሬ እንደ ባለሙያ ቆምኩ።

የወጣው ነገር ነጭ ነው። ነጭ፣ የሚያላብ፣ ከጣት የሚያመልጥ። ያም ሆኖ ሰሃን ላይ አድርጌ አቀረብኩለት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ! ባሌ ነከሰው። ቆዳው ተሳበ፣ ተሳበ፣ አልበጠስም አለ። ሰሃኑ ላይ መለሰውና «ይቅርታ፣ ደክመሽበታል» አለኝ።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቆሽቴ አረረ! በዶሮዋ ጮህኩ፣ በማሽኑ ጮህኩ፣ ከዚያ በእሱ ጮህኩ። «ሦስት ቀን ነው የቀረኝ! በአፍንጫህ ቱቦ ሲገባ ቆሜ አላይም! ሰማህ? አላይም!» ብዬ ስፌቴ ላይ ተደፍቼ ተንሰቀሰቅኩ። የሰው ቀሚስ መሆኑን እንኳ ረሳሁ።

እሱ ወንበሩ ላይ እንዳለ «ምን አድርገሽበት ነው?» አለኝ።

«ምን አደርግበታለሁ? ውሃ ረጨሁበት!»

«ምን?»

«ውሃ! በካውያው መርጫ! ቀጥ እንዲል!»

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀና ስል ተነስቶ ቆሟል። ዓይኑ ፈጧል፣ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። «የዶሮ ቆዳ ላይ ውሃ?! አንቺ ሴትዮ፣ አእምሮሽን ስተሻል? ቆዳ ጠላቱ ውሃ አይደለም እንዴ! ሃያ ስድስት ዓመት ከእኔ ጋር ኖረሽ...»

«ሠላሳ!»

«ሠላሳ ዓመት ኖረሽ ይህንን አታውቂም? ደግሞ ደራርበሻቸዋል! ወይኔ ልፋቴ! ዞር በይልኝ!»

ዞር በይልኝ አለኝ! ያንን ቃል ከሰማሁ ስድስት ወር ሆኖኛል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንባዬን በቀሚሱ ጠርጌ (አዎ፣ በሰው ቀሚስ) ተከትዬው ኩሽና ገባሁ። ስድብ ቢያወርድብኝ እንዳያቆም ብዬ ዝም አልኩ፣ እኔ! ዝም!

የቀሩትን አራት ታፋዎች አወጣ። «ንጹሕ ጨርቅ» አለ። የጨርቅ ነገር ለእኔ ይተውልኝ፤ የታጠበ የጥጥ ቁራጭ አመጣሁለትና እያንዳንዱን ከላይም ከታችም ጫን ጫን እያደረገ አደረቀ። ከቆዳው ሥር ያለውን ስብ እያሳየኝ «ይኼ ካልወጣ ቆዳው አይደርቅም» ሲለኝ ወፍራሙን መርፌዬን በፈላ ውሃ ቀቅዬ አመጣሁና «ብወጋጋውስ?» አልኩት። አየኝ። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ ቁም ነገር ተናገርሽ» አለና ፈቀደልኝ። ሥጋው ሳይነካ ቆዳውን ብቻ፣ ትክክል እንደ ስፌት ዓይን፣ ወጋጋሁት። ቁንዶ በርበሬና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ነሰነሰበት። ጨው ሲደርስ ግን እጁ ዕቃው ላይ ቀረ። ጣቶቹን ከተተ፣ አወጣ፣ አራገፈ። «ጨውን አንቺ አድርጊ፤ እኔ አላምነውም ይህንን እጅ» አለኝ። አንጀቴን በላው። እኔም ፈርቼ ቆንጠር አደረግኩና ተውኩ። ከዚያ ሰሃኑን ሳንከድን ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ብርዱ የቀረውን እርጥበት እንዲመጥ ነው አለ።

ዛሬ፣ ዓርብ፣ ገና ምሳ ሰዓት ሳይደርስ «ይበቃዋል፣ እናውጣው» ብሎ የቀሰቀሰኝ እሱ ነው፤ ስፌቴ ላይ አሸልቤ ነበር። ቆዳው ወረቀት ሆኗል። ማሽኑን አስቀድሞ አጋለው፣ ሁለት መቶ ዲግሪ ላይ። ታፋዎቹን እንዳይነካኩ አራርቆ፣ ቆዳቸውን ወደ ታች አድርጎ ደረደራቸው። «አየር ነው አይደል የሚጠብሰው? ታዲያ መንገድ ስጪው» ይላል። መሳቢያውን ዘጋና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ።

«ምን ትሠራለህ? ትቃጠላለህ!»

«እሽሽ! አፍንጫዬ ባይኖር ጆሮ አለኝ። ይኸው፣ አሁን የሚንጫጫው ውሃው ነው።» አሥር ደቂቃ ሲሆን ገለበጣቸው፣ ቆዳው ወደ ላይ። እንደገና ጆሮውን ደቀነ። እኔም ከወዲያ በኩል ጎንበስ አልኩ፤ ሰው ቢያየን አብደዋል ይለን ነበር። «አሁን ስቡ ጀመረ። ሰማሽ? ድምፁ ቀጠነ። ቆይ... ቆይ... አሁን!»

ስቦ ሲያወጣው ወርቅ! ወርቅ ነው ያየሁት! ልጮኽ ስል አፌን ያዝኩ። በቢላ አጥንቱ ድረስ ሰንጥቆ ሲያየው ፈሳሹ ጥርት ብሎ ወጣ፣ ደም የለው ምን የለው። ሰሃን አቀረብኩ። አልነካውም።

«መጀመሪያ አንቺ ብዪና ንገሪኝ» አለ።

«ምን ልንገርህ?»

«ጣዕሙን። ደንበኛ ፊት እንደምትዋሺው እንዳይሆን፤ የጠበበውን ቀሚስ አምሮብሻል እንደምትዪው።»

ነከስኩ። ኩርሽም አለ! እሱ ድምፁን ሲሰማ ትከሻው ሲዘል አየሁት። እኔ ደግሞ ምግብ ማሞገስ የማላውቅ ሴት፣ አፌን ሞልቼ እንዲህ አልኩት፦ «ቆዳው አፌ ውስጥ ይሰባበራል። ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ጭማቂው አገጬ ላይ ወረደ። ቁንዶ በርበሬው ምላሴን ቆነጠጠኝ፤ ነጭ ሽንኩርቱ ኋላ ነው የሚመጣው።» ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚሰማኝ። መዋሸት አማረኝ፣ ግን አልዋሸሁም። «ጨው ግን አንሶታል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ዓይኑን ገለጠ። ጨው ዕቃውን ሳበና ጣቶቹን ከተተ። ይኼኔ አላራገፈውም። እሱ ጣዕሙን የማያገኘውን ጨው እጁን ከፍ አድርጎ የእኔ ቁራሽ ላይ ነሰነሰልኝ። «አሁንስ?»

ቀመስኩ። «ልክ ነው» አልኩት፤ ልክ ነበር፣ በገዛ ምላሴ እምላለሁ። እንባዬ ግን አላስቀጥል አለኝ።

«በቃ፣ አታልቅሺበት፣ ቆዳው ይረጥባል» አለና የራሱን አነሳ። ኩርሽም! ሌላ። ኩርሽም! አጥንቱን ጋጠ። ሁለተኛውን አነሳ። እኔ እስትንፋሴን ይዤ ነው የማየው፣ ብናገር የሚያቆም መስሎኝ። ሦስተኛውን ሲጨርስ ጣቱን ጠረገና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

ሰኞ ገና ነው። ሚዛኑ የሚለውን ይበል፣ ሐኪሙም የሚለውን ይበል፤ እኔ ዛሬ ያየሁትን አይቻለሁ። ምክንያቱም ባሌ ሰሃኑን እየሰበሰበ ዞር ብሎ «ነገስ ምን እንብላ?» አለኝ።

ነገ አለ! ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ቦርሳዬን መንጭቄ ወጣሁ፤ ይኸው እንደምታዩኝ ሥጋ ቤቱ ለምሳ ሳይዘጋ ልድረስ እየሮጥኩ ነው፣ መንገድ ልቀቁልኝ።