አባቴ የተረሸነበት ትያትር

ባለፈው እሑድ ከሚሴ አስፋልቱ ዳር ከባጃጅ ስወርድ የሰርግ አጃቢዎች ርችት ተኮሱና ጭሱ አፍንጫዬ ሲደርስ አንድ ሱቅ በር ተደግፌ ቀረሁ። ባለሱቁ የሰሞኑ ተኩስ ያስደነገጠኝ መስሎት "አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ሰርግ ነው" አለኝ። እኔን የያዘኝ ግን የቆየ ፍርሃት ነው፤ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ሲረሸን ያየሁ ዕለት የገባብኝ።

አባቴ እንድሪስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበር፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ደወሉን እንኳ የሚያመው ይመስል ቀስ አድርጎ የሚመታ ሰው። ያን ዓመት የማሽላው እሸት በደረሰበት ሰሞን፣ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ የአገር ታሪክ ለተማሪ የሚያሳዩ ትያትረኞች ከደሴ በጭነት መኪና መጡ። ርዕሰ መምህሩ "ዛሬ ታሪክን ከደብተር ሳይሆን በዓይናችሁ ታያላችሁ" እያሉ ፀሐይ ላይ አሰልፈው ብዙ ስላቆሙን፣ ታሪኩ ሳይጀመር ሁለት ልጆች ራሳቸውን ስተው ወደቁ።

ትያትሩ የጣሊያን ዘመን ነበር። የጣሊያኑ አዛዥ ጢም ከፍየል ፀጉር የተሠራ ስለሆነ በላቡ እየተላቀቀ አገጩ ላይ ሲንጠለጠል በሳቅ ፈረስን። ሳቃችን ጸጥ ያለው ወታደሮቹ አንድ እስረኛ እየገፈተሩ ሲያወጡ ነው። እስረኛው አባቴ ነበር።

እስረኛ ሆኖ የሚጫወተውን ሰው ወባ ጥሎት ኖሮ፣ ርዕሰ መምህሩ ጠዋት "ጋሼ እንድሪስ፣ ቆሞ መውደቅ ብቻ ነው" ብለው ለምነውታል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት፣ አባቴ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ከግራሩ ግንድ ጋር ሲያቆሙት፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ከሽርጡ በታች እግሩ ሲንቀጠቀጥ ነው። አጠገቤ ያሉት ልጆች "ሲችልበት!" እያሉ ያንሾካሹካሉ። እኔ ግን አባቴ ማስመሰል እንደማይችል አውቃለሁ፤ እናቴ ወጡ ላይ ጨው ስታበዛ እንኳ አፉ "ይጣፍጣል" እያለ ፊቱ የሚያጋልጠው ሰው ነው።

አዛዡ እጁን አነሳ። ወታደሮቹ ጠብመንጃ ደገኑ። የአባቴ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ሊሞት እንደተቃረበ ሰው ሸሃዳ እየያዘ ነበር። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ በተቀመጡት ልጆች ላይ እየተረማመድኩ "አባቴን አትግደሉት!" እያልኩ ስሮጥ ትያትረኞቹ ከወጠሩት መጋረጃ ኋላ ለተኩሱ የተዘጋጀው ርችት ፈነዳ፣ አባቴም ወደቀ። ደረቱ ላይ ተደፋሁ። ልቡ ከጆሮዬ ሥር ይደልቃል፤ ዓይኑን ግን አልገለጠም። ተማሪው ሁሉ ያጨበጭባል። ከስንት ጊዜ በኋላ "ሂን ሶዳቲን ልጄ፣ አትፍሪ፣ አለሁ" አለኝ። ድምፁ የራሱ አልነበረም፤ የፈራ ልጅ ድምፅ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ እጄን አጥብቆ እንደያዘ፣ እስከ ቦርከና ወንዝ የተዘረጋውን የጨፋ ማሽላ እያየ፣ ለእናቴ እንኳ ነግሯት የማያውቀውን ነገረኝ። ጣሊያን አባቱን እዚያ ሲረሽን እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሰው ወጥቶ እንዲያይ ታዞ፣ ከእናቱ ጎን ቆሞ አይቷል።

"አንቺ ለምን ሮጥሽ?" አለኝ።

"ሊገድሉህ ነዋ!"

ዓይኑን ወደ ማሽላው መለሰ።

"እኔ አልሮጥኩም" አለ።

ከዚያ ወዲያ አንስቶት አያውቅም። እኔም አልጠየቅሁትም፤ መጀመሪያ ልጅ ስለነበርኩ፣ ካደግሁ በኋላ ደግሞ ያ ፊቱ ተመልሶ እንዳይመጣ ፈርቼ። አሁን አባቴ የለም፣ አላህ ይዘንለት። በሚኒባስ ጨፋን ባለፍኩ ቁጥር ከመንገዱ እስከ ወንዙ የተዘረጋውን ማሳ በመስኮት እያየሁ እሄዳለሁ። አያቴ የወደቀው የቱ ጋ እንደሆነ የሚያሳየኝ ሰው አልቀረም፤ ያለኝ መታወቂያዬ ላይ ከአባቴ ስም ቀጥሎ የተጻፈው ስሙ ብቻ ነው።