የማርታ የገበያ ጫማ

እኔ ወሬ አያልቅብኝም። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ የኔን ጉራ ያልሰማ ባጃጅ ነጂ ካለ ትናንት የመጣ ነው። ይቺን ግን ከአፌ አውጥቼ አላውቅም። ለናንተ ልናገራት፤ ከፈለጋችሁም ሳቁብኝ።

ጫጩቶቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ማርታ ገበያ እንቁላል ትሸጥ ነበር። "ከከተማ ወጣ ብለን ቡሹሎ ቤት ተከራይተን ዶሮ እናርባ" ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ "በሃምሳ እንጀምርና እንልመደው" አለች።

"ሃምሳማ ለወጥ ነው! ዓላማ ትልቅ ሲሆን ነው ሞራል የሚመጣው" አልኳት። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ስለ ዓላማ ሲያስተምር! አምስት መቶ ጫጩት አስገባን።

ማርታ ከገበያ በሽታ እንዳታስገባ ጫማዋን በር ላይ ትቀይር ነበር። የኔ ሥራ አንድ ብቻ፤ ከሰሉ እንዳይጠፋ መጠበቅ። ጫጩት ብርድ አይችልማ።

ያን ቀን ዝናብ ነበር። እኔ የት ነበርኩ? ከተማ፣ ባጃጅ ተራ ጋ፣ ልጆቹን ሰብስቤ "ሥራ ማለት ዕቅድ ነው፣ ተስፋ አለመቁረጥ ነው" እያልኩ ስሰብክ። አጨበጨቡልኝ እኮ! ስመለስ ከሰሉ አመድ ሆኗል። ጫጩቶቹ ሙቀት ፍለጋ ጥግ ላይ ተደራርበው ታፍነዋል። የተረፉት ጥቂት ናቸው። አመዱን ጠረግኩና አዲስ ከሰል አቀጣጠልኩ። ለነሱ መሰላችሁ? ለኔ ነው፣ እንዳይታወቅብኝ።

ማርታ መጣች። አላለቀሰችም። አየቻቸውና "አንተ፣ ትናንት ጫማዬን ሳልቀይር ገብቼ ይሆን እንዴ?" አለችኝ።

"ይሆናል" አልኳት።

በቃ። ያን ሁሉ ጉራ የምነዛ ሰውዬ፣ በዚች በአንዲት ቃል ጨረስኳት።

"እጄ ለሥራ አይሆንም" ብላ ገበያውንም ተወችው። አሁን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። እኔ ደግሞ ባገኘኋት ቁጥር "ተስፋ አትቁረጪ፣ ዓላማ ያዢ" እላታለሁ። ማን ቆረጠባትና? እኔ አይደለሁ?

ባለፈው እሁድ ቤቴ መጣች። በር ላይ ቆማ ጫማዋን አወለቀች።

"ኧረ ግቢ! እዚህ ቤት ከኔ ሌላ ምን ዶሮ አለ?" ብዬ ቀለድኩ።

"ለማንኛውም ብዬ ነው" አለች። በባዶ እግሯ ገባች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ እናንተን ምን አደረግኳችሁ? ለሷ ልንገራት ብዬ ስንቴ አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣው ቀልድ ነው። ጫማዋን እንዳደረገች እንድትገባ የሚያደርጋት ቃል እኔ ጋ ነው። ያን ቀንም ሳልነግራት ሸኘኋት።