ግሩፑን የዘጋሁ ዕለት

የጋሽ ሰይድ ሞባይል ጥገና ሱቅ ለሥራ የገባሁት በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ መካነ ሰላም ከተመለስኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ካቻቢቴ ልይዝ ስል ከለከሉኝ። "እሱ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ሰው ስታናግሪ ልይሽ" አሉኝ። ለእኔ ደግሞ ከሥራው ሁሉ የሚከብደው እሱ ነበር።

መጀመሪያ የመጣው ደንበኛ ስልኩ ቻርጅ አልይዝ ብሎታል። ምንም ሳልናገር ተቀበልኩትና የቻርጀር መሰኪያውን በመርፌ ጠረግሁት። ከውስጡ የገብስ ገለባ ወጣ። ሰውዬው ወደ ጋሽ ሰይድ ዞሮ "ይቺ ልጅ አፍ የላትም እንዴ?" አለ።

"አላት፤ ዩኒቨርሲቲ ረስታው መጥታ ነው" አሉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሱቁ ውስጥ መጠሪያዬ "ዩኒቨርሲቲ" ሆነ።

ቀስ በቀስ መስታወት መቀየር፣ መሰኪያ መበየድ፣ የተቆለፈ ስልክ መክፈት ለመድኩ። የእኛ ሥራ ግማሹ ግን ጥገና አይደለም። እናቶች ስልካቸውን ይዘው ይመጡና ዓረብ አገር ላለች ልጃቸው ድምፅ እንድቀዳላቸው ይጠይቁኛል። ስልክ ቤተሰብን በታተነ የሚሉ ሰዎችን ሬዲዮ ላይ እሰማለሁ። እነሱ እኛ ሱቅ አንድ ቀን ቢውሉ ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ይመስለኛል።

የከተማችንን የስልክ መወያያ ግሩፕ የከፈቱት ጋሽ ሰይድ ናቸው። መጻፍ ስለሚሰለቻቸው አስተዳዳሪነቱን ለእኔ ሰጡኝ። መንገዱ ለመኪና ክፍት መሆኑ፣ የጠፋ በቅሎ፣ የእህል ዋጋ፣ የኳስ ክርክር፣ ሁሉም እዚያ ላይ ይጻፋል። ጅዳ፣ ሪያድና ኩዌት ያሉ ልጆቻችን አገራቸውን የሚያዩት በእሱ ነው። እኔ ስድብ አጠፋለሁ እንጂ ራሴ አንድም ቃል ጽፌበት አላውቅም ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የሰፈራችንን ልጆች ቁርአን የሚያስቀሩት ሼህ ይመር አረፉ። ቀብራቸው ከዙህር ሶላት በኋላ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው እንድሪስ ከመቃብር ቦታ እየሮጠ ሱቅ ገባ። እጁ ላይ ገና አፈር ነበር።

"የጎረቤት ልጅ የአባቴን የቀብር ፎቶ ግሩፑ ላይ ለጥፎታል! ዘሃራ እኮ አለች እዚያ ላይ! በአላህ አጥፊልኝ!"

ዘሃራ እህቱ ናት፤ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራለች። እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚያውቋት ሰዎች በማለዳ ሄደው፣ አስቀምጠው፣ ደግፈው ነው የሚነግሯት። ጅዳ ያሉ የአገራችን ሴቶች አሠሪዎቻቸውን አስፈቅደው በማግስቱ ጠዋት በሯ ላይ ለመድረስ ተስማምተው ነበር። ማዳሟ ስልክ የምትሰጣት ደግሞ ከመግሪብ በኋላ ነው። ያን ፎቶ ባዕድ ቤት፣ ማድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ቆማ ብታየው የሚይዛት ሰው የለም።

ፎቶውን አጠፋሁት። ሌላ ሰው እንዳይለጥፍ ብዬም ማንም መጻፍ እንዳይችል ግሩፑን ዘጋሁት። ጋሽ ሰይድ "አበጀሽ" አሉኝ።

ትንሽ ቆይቶ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ከሪያድ ነው። "ግሩፑ ለምን ተዘጋ? ማን ሞቶ ነው?" ለእሷ ሳልመልስ ከኩዌት ሌላ ሴት ደወለች። "አባቴ ነው? ንገሪኝ፣ እንዳትደብቂኝ!" እያለች ታለቅሳለች። አባቷ ደህና መሆናቸውን ነገርኳት። ጨዋታ የማይቋረጥበት ግሩፕ በጠራራ ፀሐይ ሲዘጋ ሁሉም መርዶ መሆኑን አውቀዋል። የማን እንደሆነ ብቻ ነው ያላወቁት። ሲመሽ ዘሃራም ስልኳን ትከፍታለች።

"ጋሼ፣ ልከፍተው ነው" አልኩ።

"ሰው አላህ ይዘንላቸው እያለ ቢጽፍስ?"

"አይጽፍም። አናግራቸዋለሁ።"

ግሩፑ ላይ አዘውትረው ለሚጽፉት አንድ በአንድ ደወልኩላቸው። ስለ ሼህ ይመር ምንም እንዳይጻፍ፣ ስለ ሌላ ነገር ግን በደንብ እንዲጻፍ ነገርኳቸው። ዝም ያለ ግሩፕ ከተዘጋ አይሻልም። ከዚያ ከፈትኩትና በሕይወቴ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ለጠፍኩ፦ "ባለ ቁልፍ ስልክ ይሻላል ወይስ ተች ስልክ?"

የደጎሎ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ቀደመ። "ባለ ቁልፍ! ብትወድቅ ባትሪዋን መልሰህ መንገድህን ነው። ተች ስልክ ከሚስት በላይ እንክብካቤ ይፈልጋል።"

"ሚስትህ ይህን አይታዋለች?" አለችው አንዲት ሴት።

"ሚስቴ ባለ ቁልፍ ነው የያዘችው፤ አብሽሪ!"

ክርክሩ ጦፈ። እንድሪስ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። የግሩፑ ቀልደኛ እሱ ነው።

"እንድሪስ፣ አንተ ካልጻፍክ ዘሃራ ታውቃለች" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ስልኩን አወጣ። "ባለ ቁልፍ የሚይዝ ሰው ወይ ሽማግሌ ነው፣ ወይ ብዙ ሴት ያለው ነው" ብሎ ጻፈ። ሰው በሳቅ ምልክት አጥለቀለቀው። እሱ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠና ፊቱን ሸፈነ።

ከመግሪብ በኋላ ዘሃራ ገባች። "ተች ስልክ ነው እንጂ! አባቴ ብቻ ነው ያቺን ባለ ቁልፉን አልለቅም ያለው። ለኢድ ተች እልክለታለሁ፤ ንገሩልኝ።"

ማንም አልጻፈም። ያኔ የደጎሎው ሹፌር "ለእኔም ጨምሪልኝ፣ ሚስቴ እንዳትሰማ!" አለ። ጨዋታው ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት ከጅዳ ደወሉልን። ነግረዋታል፤ አብረዋት ናቸው።

ከወራት በኋላ ዘሃራ ሱቅ ደወለች።

"ስለ አባቴ ስልክ ስጽፍ ሁላችሁም ታውቁ ነበር?"

"አዎ።"

"ያ ሹፌርም?"

"እሱም።"

"ወላሂ በጣም ተናድጄባችሁ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ያን ምሽት ስቄ ነው የተኛሁት። ጠዋት ደግሞ ሰው ነበረኝ።"

አሁን በየከተማው ግሩፕ የሚያስተዳድሩ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህን ነው። የተዘጋ ግሩፕንም ሰው ያነበዋል። ስትዘጉ ምክንያቱን ጻፉ፤ ምክንያቱን መጻፍ የማትችሉ ከሆነ አትዝጉ።